የእንግሊዝኛን ቃል ከነዘመዶቹ እንዴት እንይዛለን? ደረጃ በደረጃ

«በቀን 20 ቃል አጠናለሁ፤ ቅዳሜ ራሴን ስፈትን 3 ብቻ ይቀሩኛል።» ይህን የማይል የእንግሊዝኛ ተማሪ አላጋጠመኝም። ችግሩ ጭንቅላታችሁ አይደለም። ቃላቱን ዘመድ እንደሌለው ሰው ለብቻ ለብቻ ስለምትይዟቸው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ተማሪ ደግሞ በተቃራኒው ይወድቃል። የቃል ዘመድ መፈለግ ይጀምርና ድምፁ የተመሳሰለውን ሁሉ አንድ ቤት ያስገባል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ «ፔንስል የፔን ልጅ ነው» ብዬ አስተምሬአለሁ። አይደለም። ፔን የመጣው ላባ ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ ድሮ የሚጻፈው በላባ ነበርና። ፔንስል ግን «ትንሽ ጅራት» ከሚል ሌላ ቃል ነው፤ መጀመሪያ የቀለም ብሩሽ ስም ነበር። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ከፍታ እዚያው አረመችኝ።

መመሪያው ለሁለቱም ነው። አንድ ቤተሰብ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን። ዘር መቁጠር የሚያስመሰግነው እዚህ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በደንብ እንቁጠር። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። መዝገበ ቃላት ላይ ስትፈልጓቸው ወደ እንግሊዝኛ ፊደል መልሷቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የቃል አመጣጥ የሚናገር መዝገበ ቃላት ያዙ። ኪስ ውስጥ የምትገባዋ ትንሿ ዲክሽነሪ አትሆንም፤ ትርጉም እንጂ አመጣጥ አትሰጥም። ስልክ ላይ ሜሪያም ዌብስተር፣ ዊክሽነሪ ወይም ኢቲሞንላይን ይበቃሉ። ሦስቱም በነፃ ይከፈታሉ። ከሦስቱ ሁለቱን ክፈቱ፤ ለምን ሁለት እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ይገባችኋል።

ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ። የመጀመሪያው ለቃሉ፣ ሁለተኛው ቃሉ ሲፈታ ለሚሰጠው ጥሬ ትርጉም፣ ሦስተኛው ለዛሬ ትርጉሙ። ሦስተኛውን ሰፋ አድርጉት።

በእርሳስ ጻፉ። በእስክሪብቶ አይሆንም፤ ብዙ ታጠፋላችሁ።

ለአንድ ቤተሰብ 40 ደቂቃ መድቡ። በአንድ ቀን ሁለት ቤተሰብ አትጀምሩ፤ ይቀላቀልባችኋል።

ደረጃ 1፦ መነሻ ቃል ምረጡ

ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያጋጠማችሁና ረዘም ያለ ቃል ይሁን። እንደ «ጎ»፣ «ጌት»፣ «ቴክ» ያሉ አጫጭር ቃላትን ለጊዜው ተዉአቸው። የሰሜን አውሮፓ ሥር ያላቸው ስለሆኑ በዚህ መንገድ በቀላሉ አይፈቱም። ከላቲንና ከግሪክ የመጡት ግን ቁርጥራጫቸው ይታያል።

የእኛ መነሻ «ኢንስፔክት» ነው። መመርመር፣ መፈተሽ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ልጣጩን አንሱ

ከፊት የተለጠፈውንና ከኋላ የተለጠፈውን ቁረጡ። ከ«ኢንስፔክት» ላይ «ኢን» ሲነሳ «ስፔክት» ይቀራል። «ኢንስፔክተር» ቢሆን ኖሮ የመጨረሻዋንም ታነሱ ነበር።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሥራ አይደለም። ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት ስንል ጸ፣ ሐ፣ ፈ ውስጥ ውስጡን ይዘው እንደሚሄዱ ማንም አልነገረንም፤ ይሰማናል። እንግሊዝኛውም ላይ ያንኑ ጆሮ ተጠቀሙ። ግን አናባቢውን አትከተሉ፤ ተነባቢዎቹን ያዙ። እዚህ ኤስ፣ ፒና ሲ ናቸው። ለዚህ ነው «ሰስፔክት» (መጠርጠር) እና «ሰስፒሽን» (ጥርጣሬ) መሐል ላይ ድምፃቸው ቢለያይም አንድ ቤት የሆኑት።

በብዛት የምታነሷቸው ቅድመ ቅጥያዎች እነዚህ ናቸው፦

- ኢን፦ ወደ ውስጥ
- ኤክስ፦ ወደ ውጭ
- ሪ፦ ወደ ኋላ፣ እንደገና
- ፕሮ፦ ወደ ፊት
- ሰብ፦ ከሥር
- ዲ፦ ወደ ታች
- ፐር፦ ዘልቆ፣ አልፎ
- አድ፦ ወደ

ማስጠንቀቂያ፣ ፊታቸውን ይቀይራሉ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። «ሰብ» ከፊቷ ባለው ፊደል ተጎትታ «ሰስ» ወይም «ሰፕ» ትሆናለች። «አድ» ደግሞ «አስፔክት» ላይ የዲ ድምፅዋን ጥላለች። ከሁሉ የሚያሳስተው «ኤክስፔክት» ነው፤ ኤስ ፊደል ፈልጋችሁ አታገኙም። ላቲኑ «ኤክስ» ሲደመር «ስፔክታሬ» ነበር። ኤክስ በመጨረሻው የስ ድምፅ ስላለው ሁለተኛዋ ኤስ ተውጣ ቀረች።

እኛም እናደርገዋለን። «ተሰበረ» ላይ «ተ» አለች። «ይሰበራል» ስንል የት ገባች? «ሰ» ውጣታለች። «ሰ»ን ጠበቅ አድርገን የምንጠራው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፊደል ጎደለ ብላችሁ ቃሉን ከቤተሰቡ አታባርሩ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለት «ኢን» አለ። አንዱ «ወደ ውስጥ» ነው፤ ሌላው «አይደለም» የሚል አፍራሽ ነው። ሁለቱን ማምታታት ነፍስ ያስከፍላል። «ኢንፍላመብል» የሚል ጽሑፍ በርሜል ላይ ካያችሁ በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው፤ የማይቀጣጠል አይደለም። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች እንኳ ይሳሳቱበታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የእሳት አደጋ ባለሙያዎች በምትኩ «ፍላመብል» ተብሎ እንዲጻፍ የገፋፉት ለዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ የአመጣጡን መስመር አንብቡ

መዝገበ ቃላቱን ክፈቱና «ኢቲሞሎጂ» ወይም «ወርድ ሂስትሪ» የሚለው ክፍል ድረስ ውረዱ። መስመሩ የሚጀምረው ከዛሬው እንግሊዝኛ ሲሆን ወደ ኋላ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ከእንግሊዝኛ ወደ ድሮ ፈረንሳይኛ፣ ከዚያ ወደ ላቲን ነው። የእኛ ቃል ላቲን ላይ «ስፔኬሬ» ጋ ይደርሳል፤ ማየት ማለት ነው።

አራት ነገር አስተውሉ፦

1. «ፍሮም» ካለ ቃሉ በቀጥታ ከዚያ ወርዷል። ልጅና አባት ናቸው።
2. «አኪን ቱ» ወይም «ሪሌትድ ቱ» ካለ ዘመድ ናቸው እንጂ አንዱ ከሌላው አልወጣም። የአክስት ልጆች በሏቸው።
3. ከቃሉ ፊት ኮከብ ምልክት ካለ ያንን ቃል በጽሑፍ ያየው የለም። ሊቃውንት ዘመዶቹን አወዳድረው የገመቱት ቅርጽ ነው።
4. ዓመተ ምሕረት ካለ ቃሉ በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘበት ነው። የተወለደበት ቀን አይደለም፤ ከዚያ በፊት በአፍ ሲነገር ኖሮ ሊሆን ይችላል።

ደብተራችሁ ላይ ሥሩን ከላይ በትልቁ ጻፉ፦ ስፔክ፣ ማየት።

ደረጃ 4፦ ድልድይ ሥሩ

ሰው ሁሉ ዘሎት የሚሄደው ደረጃ ይህ ነው፤ ቃሉን የሚያስቀረው ግን እሱ ነው። ጥሬ ትርጉሙን ጻፉ፣ የዛሬውን ጻፉ፣ ከዚያ ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ዓረፍተ ነገር *በአማርኛ* ፍጠሩ። ድልድዩን እናንተ ካልሠራችሁት አይያዝም። የእኔን እንደ ናሙና እዩት፦

ኤክስፔክት። ጥሬው ወደ ውጭ ማየት። ዛሬ መጠበቅ። ድልድይ፦ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው በር በሩን ያያል።

ዲስፓይዝ። ጥሬው ወደ ታች ማየት። ዛሬ መናቅ። እዚህ ድልድይ እንኳ አያስፈልግም፤ እኛም «ዝቅ አድርጎ አየኝ» እንላለን።

ሪስፔክት። ጥሬው መለስ ብሎ ማየት። ዛሬ ማክበር። ድልድይ፦ የምናከብረው ሰው ሲያልፍ ዞር ብለን እናያለን፤ የናቅነውን ዞር ብለንም አናየው።

ሰስፔክት። ጥሬው ከሥር ወደ ላይ ማየት። ዛሬ መጠርጠር። ድልድይ፦ የጠረጠረ ሰው ቀና ብሎ አያይም፤ አቀርቅሮ ከሥር ከሥር ያጮልቃል።

ፕሮስፔክት። ወደ ፊት ማየት። ተስፋ፣ የወደፊት ዕድል። ይህ ግልጽ ነው።

ፐርስፔክቲቭ። ዘልቆ ማየት። ዛሬ «ከዚህ አንጻር» የምንለው። «አንጻር» ራሱ የወጣው ነጸረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው፤ ተመለከተ ማለት ነው። «መነጽር»ም ከዚያው ነው። እንግሊዝኛው መነጽርን «ስፔክታክልስ» ይለዋል፣ ከስፔክ ቤት። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይማከሩ መነጽርን ከማየት አወጡት። እንዲህ ያለ ግጥምጥም ስታገኙ ሦስተኛው ዓምድ ላይ አስምሩበት። በኋላ ቃሉን ለመርሳት ብትሞክሩ እንኳ አይሆንላችሁም።

ድልድዩ እምቢ ካለ ቤቱን አትቀይሩ፤ መካከለኛ ትርጉም ይፈለጋል። «ስፓይስ»ን ውሰዱ። ቅመም ከማየት ጋር ምን አገናኘው? መሐሉን ስታዩ ይፈታል። ላቲኑ «ስፔኪየስ» መጀመሪያ መልክ፣ ገጽታ ነበር። ከዚያ ዓይነት ሆነ። ከዚያ የዕቃ ዓይነት፣ ሸቀጥ። ፈረንሳዮች ዘንድ ሲደርስ ሸቀጡ ቅመም ላይ ጠበበ። ዓይነት የሚለው ትርጉም ደግሞ በ«ስፒሺስ» እና በ«ስፔሻል» በኩል ቀረ። አራት እርምጃ ነው፤ አራቱንም ጻፉ።

ደረጃ 5፦ ሩቅ ዘመዶችን ፈልጉ

እስካሁን ያየናቸው በላቲን መንገድ የመጡ ናቸው። ያው ሥር ግን በሌላ መንገድም ገብቷል።

«ስፓይ» (ሰላይ) ድምፁ ቅርብ ነው፤ ላቲን ግን አይደለም። ከጀርመን ወገን ቋንቋዎች በድሮ ፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ ነው እንግሊዝኛ የገባው። ከላቲኑ «ስፔኬሬ» ጋር የአክስት ልጆች ናቸው። ደብተሩ ላይ ከሥሩ በቀጥታ መስመር አታስምሩለት፤ በነጠብጣብ አገናኙት።

የግሪኩ መንገድ ይበልጥ ይጥማል። ግሪኮች ፒና ኬን አቀያየሩና «ስኬፕ»፣ «ስኮፕ» አሉት። ክብሪትን «ክርቢት» የሚል ሰው ሰምታችሁ ታውቁ የለም? እንደዚያ ነው። ከዚህ ወገን «ስኬፕቲክ» (ተጠራጣሪ)፣ «ቴሌስኮፕ» (የሩቅ ማያ) እና «ማይክሮስኮፕ» (የጥቃቅን ማያ) መጡ።

ከዚሁ ወገን ነው «ቢሾፕ»ም። ግሪኩ «ኤፒስኮፖስ» ነው፤ «ኤፒ» በላይ፣ «ስኮፖስ» ተመልካች። በላይ ሆኖ የሚመለከት፣ የሚጠብቅ። እንግሊዞች ፊቱንም ኋላውንም ቆርጠው ቢሾፕ አደረጉት። የግዕዝ ሰዎች ግን ቃሉን ሙሉውን ተቀብለው ኤጲስ ቆጶስ አሉት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስንሰማው ያደግነው ቃል ከእንግሊዙ ቢሾፕ ጋር አንድ ነው ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ፣ ትርጉም ዘመድ አያደርግም። ቢሾፕን «ጳጳስ» ብለን ስለምንተረጉመው ጳጳስንም እዚህ አታስገቡ። እሱ አባት ከሚል ሌላ የግሪክ ቃል ነው፤ የእንግሊዝኛ ዘመዱ «ፖፕ» (የሮማው ጳጳስ) ነው።

ደረጃ 6፦ አስመሳዩን አስወጡ

አሁን ደብተራችሁ ሞልቷል። የሰበሰባችሁትን እያንዳንዱን ቃል በሁለተኛው መዝገበ ቃላት ፈትኑ። ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ከየትኛው ቋንቋ መጣ? የድሮ አጻጻፉ ምን ነበር? ሁለቱ ምንጮች ይስማማሉ? ከሦስቱ አንዱ ከተናጋ ቃሉን ወደ ዳር አውጡት።

ጆሮ ለምን እንደማይታመን ከራሳችን ቋንቋ እዩ። ሥዕል ሳለ። ጉንፋን ይዞት ሳለ። ቢላ ሳለ። ዛሬ በአፍ ሦስቱም አንድ ናቸው። ግዕዝ ላይ ግን ሠዐለ፣ ሰዐለ፣ ሰሐለ ነበሩ፤ ሦስት የተለያዩ ሥሮች። ጊዜ አመሳሰላቸው እንጂ አልተዛመዱም።

እንግሊዝኛም በእንዲህ ያለው ሞልቷል፦

- «ሶሪ» እና «ሶሮው» (ሐዘን)፦ ሶሪ ቁስል፣ ሕመም ከሚል ቃል ነው። ሶሮው ሌላ ነው።
- «ሜል» (ወንድ) እና «ፊሜል» (ሴት)፦ ሁለተኛው ከላቲን «ፌሜላ» ነው። እንግሊዞች ናቸው ከሜል ጋር እንዲመስል አጻጻፉን ያቀኑት።
- «አይል» እና «አይላንድ»፦ ሁለቱም ደሴት ናቸው፣ ግን የመጀመሪያው ላቲን፣ ሁለተኛው የጥንት እንግሊዝኛ ነው። አይላንድ ውስጥ ያለችው የማትነበብ ኤስ ከአይል የተዋሰቻት ናት።
- «ሂስትሪ»፦ «የእሱ ታሪክ» ከማለት ጋር ምንም አያገናኘውም። ምርመራ ከሚል የግሪክ ቃል ነው።

ለእኛ የባሰው ፈተና ግን ልባችን የሚወደው ነው። «ኮፊ» የመጣው ከከፋ ነው ሲባል ደስ ይለናል። መዝገበ ቃላቱ የሚሰጠው መንገድ ግን ከሆላንድኛ ወደ ቱርክኛው «ካህቬ»፣ ከዚያ ወደ ዐረብኛው «ቀህዋ» ነው። ከቀህዋ ወደ ከፋ የሚወስደው የመጨረሻ እርምጃ አከራካሪ ነው። ተክሉ ከየት መጣ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ቃሉ ከየት መጣ ሌላ። ደብተራችሁ ላይ ከቀህዋ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት አድርጉና እለፉ። የሚያኮራ መልስ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ፈትሹ።

ከሴማዊ ቋንቋዎች ጋር የተረጋገጠ ዝምድና ከፈለጋችሁ «ካሜል» እና ግመልን ያዙ። «ኩሚን» እና ከሙንንም። «አቦት» (የገዳም አለቃ) ደግሞ ከአረማይክ «አባ» ነው፤ የእኛው አባ ዘመድ። እነዚህን በልበ ሙሉነት በቀለም ጻፏቸው።

ሲበላሽባችሁ

መዝገበ ቃላቱ «ኦሪጅን አንኖውን» ቢል። ቁሙ። አመጣጡ አይታወቅም ማለት ነው። «ዶግ» እንዲህ ካሉት አንዱ ነው፤ በየቤቱ ያለ እንስሳ ስሙ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የራሳችሁን ታሪክ አትፍጠሩለት።

ሁለቱ ምንጮች ባይስማሙ። የድሮ አጻጻፎችን ከነዘመናቸው የዘረዘረውን እመኑ። ደስ የሚል ታሪክ ብቻ የሚተርከውን ተዉት።

ትርጉሙ ፈጽሞ ተገልብጦ ብታገኙት። አትደንግጡ። «ናይስ» ላቲን ላይ «የማያውቅ» ነበር። ፈረንሳይኛ ላይ ሞኝ ሆነ፤ እንግሊዝኛም የገባው ሞኝ ሆኖ ነው። ከዚያ መራጭ፣ ጥንቁቅ፣ በኋላ ደስ የሚል ሆነ።

የቃሉ መጀመሪያ ፊደል ራሱ ቢቀየር። «ጋርዲያን» እና «ዋርደን» (ጠባቂ)፣ «ጋራንቲ» እና «ዋራንቲ» (ዋስትና) ጥንድ ናቸው። የፈረንሳይ አንዱ አካባቢ በጂ፣ ኖርማንዲ ደግሞ በደብልዩ ይጠራው ስለነበር እንግሊዝኛ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ተዋሰ። ጂና ደብልዩ ሲለዋወጡ ካያችሁ ጠርጥሩ፤ ከሥር ከሥር እዩ።

ፈተና ላይ። ጥሬ ትርጉሙን መልስ አድርጋችሁ አትጻፉ። ሪስፔክት ዛሬ ማክበር ነው፤ «ዞሮ ማየት» ብሎ የጻፈ ዜሮ ያገኛል። ሥሩ ለማስታወሻ ነው።

ልምምድ

አሥር ቃላት እነሆ፤ አብዛኞቹን በአማርኛ ጨዋታችንም እንጠራቸዋለን። ሥሩ «ፖርታሬ»፣ መሸከም ነው። ከአሥሩ ሦስቱ የዚህ ቤት አይደሉም። መልሱን ሳታዩ ደረጃ 2ን፣ 4ን እና 6ን ሥሩ።

ኢምፖርት፣ ኤክስፖርት፣ ትራንስፖርት፣ ሪፖርት፣ ሰፖርት፣ ፖርተር፣ ፖርትሬት፣ ፖርሽን፣ ኤርፖርት፣ ስፖርት።

መልስ

ኢምፖርት ተሸክሞ ማስገባት፣ ኤክስፖርት ተሸክሞ ማውጣት፣ ትራንስፖርት ከወዲህ ወዲያ ማሻገር። ፖርተር ተሸካሚው ራሱ። ሪፖርት ወሬን ተሸክሞ መመለስ ነው። ሰፖርት ላይ «ሰብ» ፊቷን ቀይራለች፤ ከሥር ሆኖ መሸከም፣ ማለትም መደገፍ። ሰብን ካላያችሁ ደረጃ 2ን ድገሙ።

ፖርትሬት አስመሳይ ነው። «ወደ ፊት መሳብ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ፖርት የመሰለው «ፕሮ» ተዛብታ ነው። ፖርሽንም ድርሻ ከሚል ሌላ ቃል ነው። ኤርፖርት ላይ ያለው ፖርት ደግሞ ወደብ ነው፣ ላቲኑ «ፖርቱስ»። «ኦፖርቹኒቲ» የእሱ ወገን ነው፤ መርከብን ወደ ወደብ የሚገፋ ምቹ ነፋስ። ፖርቱስና ፖርታሬ እጅግ ወደ ኋላ ከሄድን ይገናኛሉ፤ ስለዚህ በነጠብጣብ ካገናኛችኋቸው አልተሳሳታችሁም።

ስፖርትን ብዙዎቻችሁ እንዳስወጣችሁት እገምታለሁ፤ መልሷት። ሙሉ ስሟ «ዲስፖርት» ነበር፤ ሐሳብን ከሥራ ወዲያ ተሸክሞ መውሰድ፣ መዝናናት። እንግሊዞች ራሷን ቆረጡት። ፊት ላይ የቀረችው ኤስ ከ«ዲስ» የተረፈች ናት።